ከቃሊቲ እስከ ሐራሬ፡ የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደትና የዓለም አቀፍ ሕግ ወሰን

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በፋብሪካዎቹና በመጋዘኖቹ የሚታወቅ አካባቢ ነው። በዚሁ አካባቢ የነበረው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ደግሞ ኢትዮጵያን ለ17 ዓመታት የገዛው ወታደራዊ መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣናት የመጨረሻዎቹን የእስር ዓመታት ያሳለፉበት በመሆኑ፣ በሀገሪቱ የፍትሕ ታሪክ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። እነዚህ ባለሥልጣናት በቃሊቲ ቅጣታቸውን ሲፈጽሙ፣ በአንድ መዝገብ አብረዋቸው የተከሰሱትና በሌሉበት የተፈረደባቸው የቀድሞው ርዕሰ ብሔር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ በጥገኝነት ይኖሩ ነበር።

አንድ ፍርድ ቤት በአንድ ወንጀል የበየነው ቅጣት በቃሊቲ ሲፈጸም በሐራሬ ሳይፈጸም መቅረቱ፣ የቀድሞ መሪዎችን በሕግ ተጠያቂ ማድረግ ምን ያህል እንደሚቻልና የት ላይ እንደሚቆም ያሳያል። ይህ ጽሑፍ የፍርድ ሂደቱን መነሻ፣ የቆመበትን ሕግ፣ ያስገኘውን ውጤትና ከሀገር ወሰን ውጭ የገጠመውን መሰናክል በቅደም ተከተል ያቀርባል።

የወንጀሉ ዳራ

ደርግ በሚል ስም የሚታወቀው የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ የተመሠረተው ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አውርዶ የመንግሥትን ሥልጣን ያዘ።

ከሁለት ወራት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ በተለምዶ «60ዎቹ» የሚባሉት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣናት፣ መኳንንትና የጦር መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነዚህ መካከል የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙባቸዋል። አብዛኞቹ የተረሸኑት በአዲስ አበባው ማዕከላዊ ወህኒ ቤት በከርቸሌ ሲሆን፣ የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ግን በዚያው ሌሊት በመኖሪያ ቤታቸው ተገድለዋል። ንጉሠ ነገሥቱም ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ መሞታቸው ተገለጸ። ዐቃቤ ሕግ ከዓመታት በኋላ ባቀረበው ክስ የተገደሉት ታፍነው መሆኑን አመልክቷል። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል።

ኮሎኔል መንግሥቱ ተቀናቃኞቻቸውን አስወግደው ሙሉ ሥልጣን የያዙት ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ተሰብስቦ በነበረው ሕዝብ ፊት ደም የሚመስል ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰባብረው በተቃዋሚዎች ላይ የዘመቻ ጥሪ አስተላለፉ። ከዚያ በኋላ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተካሄደው ቀይ ሽብር በቀዳሚነት የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲን (ኢሕአፓ)፣ ቆየት ብሎም የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን (መኢሶን) አባላትና ደጋፊዎች፣ በእነርሱም ስም የተጠረጠሩ ተማሪዎችን፣ መምህራንንና ሠራተኞችን ዒላማ ያደረገ ነበር። የቀበሌ ማኅበራትና የከፍተኛ ጽሕፈት ቤቶች የእስርና የምርመራ ሥፍራ ሆኑ። «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል» የሚለው ሐረግ ያለ ፍርድ መገደልን የሚያመለክት የሥራ ቋንቋ ሆነ። የሟቾቹ ቁጥር በአሥር ሺዎች ይገመታል።

የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት መቋቋም

ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከሀገር ወጥተው በኬንያ በኩል ወደ ዚምባብዌ ገቡ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 20 ቀን፣ የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባን ተቆጣጠረ። በሀገር ውስጥ የቀሩት የደርግ አባላት፣ ሚኒስትሮች፣ የደኅንነትና የጦር ኃላፊዎች ከፊሎቹ እጃቸውን ሰጥተው፣ ከፊሎቹም ተይዘው ታሰሩ።

የሽግግሩ መንግሥት ነሐሴ 2 ቀን 1984 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትን አቋቋመ። አዋጁ ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት ተግባራትን ሰጠው። የመጀመሪያው ወንጀል የፈጸሙትን መርምሮ ለፍርድ ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተፈጸመው ግፍ ለመጪው ትውልድ በታሪክነት እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ጽሕፈት ቤቱን የመሩት አቶ ግርማ ዋቅጅራ ናቸው።

የምርመራው ዋና ጥንካሬ ደርግ ራሱ ትቶት የሄደው የጽሑፍ ማስረጃ ነበር። መንግሥቱ በድንገት በመውደቁ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ የግድያ ትእዛዞችና የእርምጃ ሪፖርቶች ፊርማና ማኅተማቸውን እንደያዙ በየመሥሪያ ቤቱ ተገኙ። ጽሕፈት ቤቱ ከ300,000 በላይ ገጽ የሰነድ ማስረጃ አሰባስቧል። በጅምላ የተቀበሩ ሰዎች አፅም ተቆፍሮ ሲወጣም በሀገሯ ተመሳሳይ ሥራ የሠራው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን የሙያ እገዛ አድርጓል። ለብዙ ቤተሰቦች ይህ ቁፋሮ ከማንኛውም የፍርድ ቤት ውሳኔ አስቀድሞ የመጣ መልስ ነበር። ልጃቸው ከቤት ተወስዶ የት እንደደረሰ ሳይነገራቸው ከ13 ዓመታት በላይ የቆዩ ወላጆች አፅም ተረክበው ለመቅበርና እርም ለማውጣት የቻሉት ያን ጊዜ ነው።

ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተጠርጣሪዎችን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ፖሊሲ ያወጡና ውሳኔ የሰጡ ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ በሁለተኛው ትእዛዙን ያስተላለፉና በራሳቸውም የወሰኑ የመካከለኛ ደረጃ ኃላፊዎች፣ በሦስተኛው ግድያውንና ድብደባውን በእጃቸው የፈጸሙ ሰዎች ተመደቡ። እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ በ5,198 ሰዎች ላይ ክስ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከእነዚህ 2,246 በእስር ላይ የነበሩ፣ 2,952 ደግሞ በሌሉበት የተከሰሱ ናቸው። ከተከሳሾቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ፍርድ ቤቱ ፊት አልነበሩም ማለት ነው።

ክሱ የቆመበት ሕግ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 ነው። ስምምነቱን ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1949 ነው። የስምምነቱ አራተኛ አንቀጽ ወንጀሉን የፈጸሙ ሰዎች በሕገ መንግሥት ኃላፊነት ያለባቸው ገዢዎችም ሆኑ የመንግሥት ሹማምንት ወይም ተራ ግለሰቦች እንደሚቀጡ ይደነግጋል።

ኢትዮጵያ ይህንኑ ግዴታ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 በሀገር ውስጥ ሕጓ አካታለች። ሆኖም በሁለቱ መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ዓለም አቀፉ ስምምነት ጥበቃ የሚሰጠው ለብሔራዊ፣ ለጎሣ፣ ለዘርና ለሃይማኖት ቡድኖች ብቻ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሕግ ግን የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጨምራል። የቀይ ሽብር ሰለባዎች የተገደሉት በአብዛኛው በፖለቲካ አቋማቸው በመሆኑ፣ የዘር ማጥፋት ክሱ ሊቀርብ የቻለው በዚህ ድንጋጌ ነው። ዐቃቤ ሕግ በአማራጭ የከባድ ግድያ ክስ፣ እንዲሁም የአካል ማጉደል፣ የሕገ ወጥ እስርና ሥልጣንን አላግባብ የመጠቀም ክሶችንም አቅርቧል።

ይህ ልዩነት በሀገር ውስጥ ለክሱ መሠረት ሆኖ ሳለ ከሀገር ውጭ ክፍተት ፈጥሯል። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት «ዘር ማጥፋት» ያለው ድርጊት በስምምነቱ ትርጉም ውስጥ ስለማይወድቅ፣ ተከሳሹን ያስጠጋ ሀገር በስምምነቱ ብቻ አሳልፎ እንዲሰጥ ማስገደድ አዳጋች ይሆናል።

የክርክሩ ሂደትና ፍርዱ

የኮሎኔል መንግሥቱና የሌሎች ከፍተኛ ባለሥልጣናት ጉዳይ በአዲስ አበባ መሰማት የጀመረው ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት ወንጀል የሚመረምረውን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ካቋቋመ አንድ ወር ገደማ መሆኑ ነበር። የሩዋንዳው ፍርድ ቤት በዓለም አቀፍ ዳኞች ሲመራ፣ የኢትዮጵያው ግን በሀገሪቱ ዳኞች፣ በሀገሪቱ ሕግና በሀገሪቱ ቋንቋ የተካሄደ ነው።

ተከላካዮች ከመነሻው የመቃወሚያ ነጥቦችን አንሥተዋል። የቀድሞ ርዕሰ ብሔርና የመንግሥት ባለሥልጣናት በሥራቸው ሊከሰሱ እንደማይገባ፣ ድርጊቱም የጦር መሣሪያ ባነሡ ተቃዋሚዎች ላይ የተወሰደ የአብዮት መከላከያ መሆኑን ተከራክረዋል። በወቅቱ የወጡ የደርግ አዋጆች በአንቀጽ 281 ለፖለቲካ ቡድኖች የተሰጠውን ጥበቃ አስቀርተውታል የሚል ክርክርም ቀርቧል። ፍርድ ቤቱ በ1988 ዓ.ም. መጀመሪያ መቃወሚያዎቹን ውድቅ አድርጎ ክርክሩ እንዲቀጥል አዘዘ። የአንቀጽ 281 ጉዳይ ግን በመጨረሻው ፍርድ ላይም ዳኞቹን አለያይቷል።

የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ክርክሩ ከተጀመረ ከ12 ዓመታት በኋላ፣ ኮሎኔል መንግሥቱንና ግብረ አበሮቻቸውን በአብላጫ ድምፅ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል መንግሥቱን በዕድሜ ልክ እስራት እንዲቀጡ ወሰነ። ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ ከወንጀሉ ክብደት ጋር አይመጣጠንም በማለት ይግባኝ ጠየቀ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኙን ተቀብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱንና ከፍተኛ ረዳቶቻቸውን በሞት እንዲቀጡ ወሰነ።

የቅጣቱ መለወጥና አመክሮ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን፣ ማለትም ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን የሚመለከት ነው። በድንጋጌው መሠረት እነዚህ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረት ወይም በይቅርታም አይታለፉም። ርዕሰ ብሔሩ ሊያደርግ የሚችለው የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥ ብቻ ነው።

በቃሊቲ የነበሩት ባለሥልጣናት የተለቀቁት በዚህ ጠባብ በር ነው። የሃይማኖት አባቶች ያቀረቡትን ጥያቄ ተከትሎ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በግንቦት 2003 ዓ.ም. የ23 ባለሥልጣናትን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰሩት ይህን ዘመን በመፈጸማቸው 16 ባለሥልጣናት በመስከረም 2004 ዓ.ም. ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወጡ። ከእነዚህ መካከል የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካፒቴን ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት ሌተና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም ከእስር በኋላ ትዝታቸውን በመጽሐፍ አሳትመዋል። ፍቅረ ሥላሴ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በሕግ ፊት ይህ ምሕረት አይደለም። ፍርዱ አልተሰረዘም፤ ጥፋተኝነቱም አልተነሣም። በሰለባዎቹ ቤተሰቦች ዘንድ ግን ውሳኔው የተደባለቀ ስሜት አሳድሯል። እርቅ ይበጃል ያሉ እንዳሉ ሁሉ፣ ይቅርታ ሊጠየቅ የሚገባው ከመንግሥት ሳይሆን ከተበደለው ነው ያሉም ነበሩ።

ከወሰን ባሻገር

የዚምባብዌ መንግሥት ኮሎኔል መንግሥቱን አሳልፎ እንዲሰጥ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ከ1999ኙ ፍርድ በኋላም ሐራሬ አቋሟን አልለወጠችም። ለዚህ የሰጠችው ምክንያት የደርግ መንግሥት በነጻነት ትግሏ ወቅት ያደረገላት ድጋፍ ነው። በ1992 ዓ.ም. ኮሎኔሉ ለሕክምና ወደ ደቡብ አፍሪካ በሄዱ ጊዜም ኢትዮጵያ እንዲያዙ ጠይቃ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ዚምባብዌ ተመለሱ። ያስጠጓቸው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሥልጣን ከለቀቁ በኋላም ተላልፈው አልተሰጡም።

በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥም ሕግ ያልደረሰበት አንድ ግቢ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ኤምባሲ ከገቡት ከፍተኛ ባለሥልጣናት መካከል ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን እዚያው ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባየህና ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላ ከ29 ዓመታት በላይ በኤምባሲው ቆይተዋል። ጣሊያን የሞት ቅጣት ሊፈጸምባቸው ይችላል በሚል አሳልፋ አልሰጠችም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የሞት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ፍርድ ቤት በአመክሮ እንዲለቀቁ ወስኗል። የሞት ቅጣት በፍርድ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ ታስቦ ቢበየንም፣ ተፈላጊዎችን ለመረከብ ግን እንቅፋት መሆኑን ይህ ጉዳይ በግልጽ አሳይቷል።

በባዕድ ሀገር ፍርድ ቤቶች

በስደት ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ሌላ መንገድ ከፍተዋል። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በአሜሪካ አትላንታ ከተማ በሆቴል ሠራተኛነት ሲኖር፣ በእርሱ ትእዛዝ የተሠቃየች አንዲት ኢትዮጵያዊት በዚያው ሆቴል አየችው። እርስዋና ሌሎች ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ወሰነ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1996 ውሳኔውን አጸና። በኋላም የአሜሪካ ዜግነቱን ተነጥቆ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በዚህም በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር።

በኔዘርላንድስ ዜግነት ያገኘው የደርግ አባል እሸቱ ዓለሙ ደግሞ በሄግ የወረዳ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 በጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ክሱ በጎጃም ክፍለ ሀገር በተፈጸሙ ድርጊቶች ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1978 በደብረ ማርቆስ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 75 ወጣት እስረኞች መገደላቸው ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 ቅጣቱን አጽንቷል። የኔዘርላንድስ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በዘር ማጥፋት ሳይሆን በጦር ወንጀል መመሥረቱ፣ ከላይ የተጠቀሰውን የትርጉም ልዩነት ማለፊያ መንገድ እንዳለው ያመለክታል። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በከፍተኛ 15 የእስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 የ22 ዓመት እስራት ሲፈረድበት፣ የተቀጣው በሐሰት ስም ዜግነት በማግኘት ወንጀል ነው።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

የቀድሞ መሪዎችን በሚመለከት ዓለም አቀፍ ሕግ ጉልህ ለውጥ ያሳየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 የቺሊው ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ በለንደን ሲያዙ ነው። የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት የሕግ ዳኞች በመጋቢት 1999 የቀድሞ ርዕሰ ብሔር በማሠቃየት ወንጀል ላይ ያለመከሰስ መብት እንደሌለው ወሰኑ። ይሁንና ፒኖቼ በጤና ምክንያት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2006፣ በአዲስ አበባ ፍርዱ ከመሰጠቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሳይፈረድባቸው ሞቱ።

ለአፍሪካ የቀረበ ምሳሌ የሚሆነው የቻዱ ሂሴን ሀብሬ ጉዳይ ነው። ሀብሬም እንደ ኮሎኔል መንግሥቱ በሌላ አፍሪካዊት ሀገር፣ በሴኔጋል፣ ተጠግተው ለዓመታት ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 2012 ሴኔጋል ተጠርጣሪውን እንድትዳኝ፣ ይህ ካልሆነም አሳልፋ እንድትሰጥ ወሰነ። በአፍሪካ ኅብረት ድጋፍ በዳካር የተቋቋመው ልዩ ችሎት ግንቦት 30 ቀን 2016 የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው፤ በ2021ም በእስር ዘመናቸው አረፉ። በሐራሬና በዳካር መካከል ያለው ልዩነት የሕግ ብቻ አይደለም። በሴኔጋል ላይ ክስ የመሠረተ መንግሥትና ለዓመታት የወተወቱ የሰለባዎች ማኅበራት ነበሩ። በሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2002 በፊት የተፈጸመን ወንጀል ስለማያይ የደርግ ጉዳይ ሊቀርብለት አይችልም።

የተነሡ ትችቶችና የቀረው ትምህርት

የኢትዮጵያ የፍርድ ሂደት ከሕግ ባለሙያዎች ትችት አላመለጠም። ተጠርጣሪዎች ክስ ሳይመሠረትባቸው ከሦስት ዓመት በላይ መታሰራቸው፣ ክርክሩ መራዘሙ፣ በሌሉበት የተፈረደባቸው መብዛታቸውና በዚያው ዘመን በሌሎች ወገኖች ተፈጽመዋል የተባሉ ጥፋቶች በልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሥልጣን አለመካተታቸው በተደጋጋሚ ተነሥቷል።

በሌላ በኩል አንድ አፍሪካዊ ሀገር የራሱን የቀድሞ መንግሥት አመራር በሙሉ በራሱ ፍርድ ቤት፣ ማስረጃ እየቀረበ፣ ተከሳሽ እየተከላከለ መዳኘቱ በወቅቱ እምብዛም ያልታየ ነበር። በዚያ ሂደት የተሰበሰበው ሰነድና የተሰማው ምስክርነት ግድያውን መካድ እንዳይቻል አድርጓል። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሰለባዎቹን ፎቶግራፍና አፅም ይዟል። 60ዎቹ የተረሸኑበት የከርቸሌ ግቢ ፈርሶ በቦታው ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ ተመርቋል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋሙ ያስቀምጣል። ለእነዚህ ተቋማት የደርግ መዝገብ ሦስት ቁም ነገሮችን ያቀብላቸዋል። ሰነድን ሳይበተን በጊዜ መያዝ ግማሽ ፍርድ ነው። የወንጀሉ ስያሜ ከዓለም አቀፉ ትርጉም ጋር ከተጣጣመ ሌሎች ሀገሮች እንዲተባበሩ መጠየቅ ይቀላል። የሞት ቅጣት ደግሞ ተፈላጊውን ከመመለስ ይልቅ በሸሸበት ሊያቆየው ይችላል። ትእዛዙን የተቀበሉት በእስር 20 ዓመት ሲደፍኑ፣ የትእዛዙ ባለቤት ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሳይደርሱ ቀርተዋል።